ሚዳቋን ከቅዳሜ በፊት

ሰኞ፣ ኦክቶ. 26፣ 2009። ምሳ ሰዓት።

ሪጀክት። ደግሞ ሪጀክት። ዛሬ የሁለት ወንድ የልውውጥ ጥያቄ መልሼ፣ አሳፍሬያቸው ነው ምሳዬን የበላሁት። አንዱ ጉልበቱ የተሰነጠቀ ተጫዋች "በእህትነታችን" ብሎ ሊያሸክመኝ። ሌላው ደግሞ ጭራሽ ለምን እንደማያዋጣኝ ላስረዳሽ ብሎ ኮል አደረገ። ሴት ስለሆንኩ ኳሱ ሞላላ መሆኑን ገና ያልሰማሁ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። እንዲህ እየመሰላቸው ነው በየዓመቱ የምበላቸው።

አንዴ ላስረዳህ ደብተሬ፣ አልደግመውም። አንድ ሊግ የምንጫወት አስር ነን፤ ሁላችንም ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የምንሠራ። ሹፌሩ፣ ሻንጣ ጫኙ፣ እኔ ደግሞ ዲስፓቸር። የትኛው ቫን የትኛውን መንገደኛ ይዞ የት እንደሚሄድ ከመስኮቴ ሆኜ የማዘው እኔ ነኝ። እያንዳንዳችን ኢንተርኔት ላይ የራሳችን ቡድን አለን። ተጫዋቾቹ የእውነት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ናቸው፤ እሑድ ሜዳ ላይ የሮጡት ለእኛ ነጥብ ይሆናል። የሌላ ሰው ሊግ በየዓመቱ ፈርሶ እንደ አዲስ ይደለደላል። የእኛ ዳይነስቲ ነው። የያዝከው ልጅ እግሩ እስኪከዳው ያንተ ነው፣ እንደ ርስት። ማግኘት የሚቻለው በልውውጥ ነው፤ ወይ ሰው በሰው፣ ወይ ደግሞ ፒክህን ሰጥተህ። ፒክ ማለት በየፀደዩ ከኮሌጅ የሚወጡትን አዳዲስ ልጆች የመምረጥ ተራህ። አንደኛው ዙር ወርቅ ነው፣ ሦስተኛው ዙር ገለባ።

ለሁሉም ተጫዋች ቅጽል ስም አለን። ሚዳቋ ሰይድ ጋ ነው። ገና ልጅ፣ ኳስ ተቀባይ፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ። አስር ዓመት ነጥብ ያመጣል። ሰይድ ሲመርጠው ሁላችንም ስቀንበት ነበር፣ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ። አሁን ከበጋ ጀምሮ ሚዳቋን እያሰብኩ ነው የምተኛው።

ሰይድ ሹፌር ነው፣ የደሴ ልጅ፣ ሮውሌት የሚኖር። ከእኔ ጋር መከራከር ደስ የሚለው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። አምና በአንድ ተጠባባቂ ኳስ መቺ ሦስት ሳምንት ተጨቃጭቀን፣ እንዴት እንደበላሁት ራሱ ነው ዞሮ ለሰው ሲያወራ የከረመው። አባቱ ደሴ ሆነው ስለ ሚዳቋ ይጠይቁታል አሉ። ጨዋታውን አይተውት አያውቁም፤ "ያ ልጅ እንዴት ዋለ?" ነው የሚሉት በየሳምንቱ።

ጠዋት ጥያቄ ላክሁለት። "አያቴ" የምንለውን ሽማግሌ ኳስ ወርዋሪዬን ከሁለተኛ ዙር ፒክ ጋር። ለሚዳቋ። ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 27

ጋሽ ግርማ ደወሉ። ጡረታ ወጥተው ዋይሊ የተቀመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። የሊጋችን ዳኛ፤ እሳቸው ሳያጸድቁት የትኛውም ልውውጥ አይረጋም። ከሊጉ ውጪም ሰው ሲጣላ፣ ሲጋባ፣ ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ሶ ስለ ልውውጥ መስሎኝ በደስታ አነሳሁ።

የሰይድ አባት ትናንት ደሴ አርፈዋል። ተቀብረዋል። ሰይድ አልሰማም። እህቱ እንደ ወጉ ለእሱ ሳይሆን ለጋሽ ግርማ ነው የደወለችው። ታላቅ ወንድሙ ከሲያትል ዓርብ ማታ ይገባል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ የመስጂዱም ሰዎች እኛም አብረን ሄደን መርዶውን እናረዳለን። እስከዚያ ትንፍሽ የለም። ለእኔ የተለየ ትእዛዝ አለኝ። ባዶ ሰዓት አትስጪው፣ ስልክ ላይ እንዳይውል፣ በሥራ ያዢው። እሺ ጋሼ አልኩ።

አንተን መዋሸት አልችልም፣ ለሌላው ሰው የምዋሸው ይበቃኛል። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ሟቹን አይደለም። ሰይድንም አይደለም። የልውውጥ መዝጊያው እሑድ ቀትር ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፀደይ ምንም የለም። ቅዳሜ ሐዘን ይቀመጣል፣ ከዚያ ደሴ ይሄዳል። ሶ ሚዳቋን ከቅዳሜ በፊት መውሰድ አለብኝ። ያሰብኩት ይህንን ነው።

በሥራ ያዢው ተብያለሁ። ልውውጥም ሥራ ነው።

ረቡዕ

ከተርሚናል ሆቴል፣ ከሆቴል ፎርት ወርዝ፣ ከፎርት ወርዝ ተመልሶ ተርሚናል። ለሰይድ ሽንት ቤት መሄጃ አልሰጠሁትም። በየመሃሉ በሬዲዮ አዲስ ሐሳብ እወረውራለሁ፣ በኢንተርኔቱም እልከዋለሁ። አያቴን ከሁለተኛ ዙርና ከአንድ ተከላካይ ጋር። አይሆንም። ተከላካዩን ትቼ ሌላ። አይሆንም፣ ግን ደስ ብሎታል፤ መንገደኞቹ ሁሉ ምን እንደሚያስቀው ሳይጠይቁት አልቀሩም።

ሌሎቹ ሹፌሮች መርዶውን ሰምተዋል። የሚያደርጉትን ብታይ ደብተሬ። አንዱ ምሳ ጋበዘው። አንዱ ሳይጠየቅ ቫኑን አጠበለት። ተስፋዬ፣ ከሁሉም ጋር የሚጣላው ተስፋዬ፣ ትከሻውን አቅፎ "እንዴት ነህ ወንድሜ" ይለዋል። ጅሎች። ግንባራቸው ላይ ጽፈው ቢዞሩ ይሻል ነበር።

ከሰዓት ወደ መስኮቴ መጣ፣ ከረጢት ይዞ። ዲሴምበር ላይ ሊሄድ ነበር ሐሳቡ፤ ለአባቱ ኮት ገዝቷል። ግራጫ፣ ወፍራም። የደሴ ብርድ አጥንት ይገባል ይላል። የሴት ዓይን ይሻላል ብሎ ለእኔ ዘረጋልኝ። ጥሩ ነው ካልኩት ይጠረጥራል። አንገቱ አስቀያሚ ነው፣ የፓርኪንግ ጥበቃ ያስመስላቸዋል አልኩት። ሳቀ። እውነትሽን ነው፣ እቀይረዋለሁ አለ። ከሥራ ሲወጣ ሊቀይር ይሄዳል። ሊቀይር። እያየሁት ኮቱን አንገቱን አስተካክሎ አጥፎ መለሰው።

ሲወጣ ዘወር ብሎ፣ ትናንትም ዛሬም ቤት ደውዬ አባባ ተኝቷል አሉኝ አለ። ትልቅ ሰው ነው፣ ምን ይሥራ፣ ይተኛ እንጂ አልኩት። ከዚያ የመጨረሻውን መንገደኛ ጫንኩበት።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 29። ሥራ ቦታ።

ደስ ብሎኛል። ይመስለኛል።

ከመጀመሪያው ልጻፍ። ጠዋት አሁንም አይሆንም አለ። የመጪውን ዓመት አንደኛ ዙር ካልጨመርሽ አላናግርሽም አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ፀደይ ባስለመንኩት። ግን ነገ ዓርብ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አያቴን፣ የመጪውን ዓመት አንደኛ ዙር፣ የሚቀጥለውንም አንደኛ ዙር አድርጌ ላክሁ። ሁለት አንደኛ ዙር። ማንም ለማንም እንዲህ ሰጥቶ አያውቅም። ወዲያው ይዘላል ብዬ ጠበቅሁ።

አልዘለለም። ሬዲዮም አይመልስም። ከዚያ ቫኑን ከነመንገደኞቹ መስኮቴ ፊት ለፊት አቁሞ ወረደ። ፊቱ ላይ ደም የለም።

"ትርሲት፣ ማን ሞተብኝ?"

መልሴን አልጠበቀም። "ሰሞኑን ሁሉም ሰው ሲያባብለኝ ከርሟል። ማለቴ፣ ምሳ ይጋብዙኛል፣ ቫን ያጥቡልኛል፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው ብዬ አለፍኩት። አንቺ ግን ሁለት ፈርስት ራውንድ? አንቺ? ንገሪኝ በአላህ። አባቴ ነው? እናቴ ናት?"

እንዴት አላሰብኩትም። ሰው በድንገት ሲለሰልስልህ ቤትህ የሆነ ነገር እንደሆነ ማንኛችንም እናውቃለን፤ ልጆች ሆነን ጎረቤት ያለወትሮው ሲስመን ነው የተማርነው። የተስፋዬን ማቀፍ ስሰድብ የዋልኩት ሴትዮ፣ ከሁሉም በላይ ያሳበቅሁት እኔ ነኝ።

መንገር አይቻልም። ብቻውን፣ ቆሞ፣ መኪና ሊነዳ። ጋሽ ግርማም ከልክለዋል። ደግሞ ሚዳቋ አለ። ሁለቱም አብረው መጡብኝ። የትኛው እንደቀደመ አላውቅም ልልህ ነበር። አውቃለሁ።

ሳቅሁበት። ከልቤ የሆነ ሳቅ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ። አንተ ደደብ፣ ጣቴ ስቶ ነው፣ ለዚያ አጥንታም ሁለት አንደኛ ዙር የምሰጥ እብድ መሰልኩህ ወይ አልኩት። ዓይኑ እያየ ኮምፒውተሩን አዙሬ ጥያቄውን ሰረዝኩት። በምትኩ አያቴንና አንድ ሦስተኛ ዙር ጻፍኩ፤ ያንተ ዋጋ ይቺ ናት፣ ይቺም በዝታብሃለች አልኩት። በሊጉ ውስጥ እንዳንተ ያለ ቡድን መምራት የማይችል ሰው አላየሁም አልኩት። እንደ ባልቴት እጅህን አታፋትግ፣ መንገደኞቹ አውሮፕላን ያመልጣቸዋል፣ ሂድ ከፊቴ አልኩት።

ደሙ ቀስ እያለ ሲመለስ አየሁ። መጀመሪያ ጆሮው። ከዚያ ጉንጩ። መስኮቱን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ወላሂ ገደልሽኝ። አንቺ ደግ ከሆንሽ እኮ ዓለም አለቀ ማለት ነው" አለ። እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ኪቦርዱን ሳበና የራሱን ፓስወርድ መታ። ምን ልታደርግ ነው አልኩት። ለምሥራች ነው አለ። ደስ የሚል ወሬ ላመጣ ሰው ይሸለም የለ፣ አባቴ ደህና መሆኑን ነገርሽኝ፣ ውሰጂው ሚዳቋን አለ። አክሰፕት የሚለውን ራሱ ተጫነው።

"ለአባቴ ምን እንደምለው እንጃ። ይቆጣኛል" አለና እየሳቀ ወደ ቫኑ ሄደ።

በአያቴና በአንድ ገለባ። ሚዳቋ የእኔ ነው። የቀረው የጋሽ ግርማ ማጽደቅ ብቻ።

ዓርብ

ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ይህንንም ጻፈው።

ሰይድ ቀኑን ሙሉ እየዘፈነ ነዳ። ትናንት እንዴት እንደዘረፍኩት በሬዲዮ ለሁሉም አወራ፣ የእኔን ድምፅ እያስመሰለ። መርዶውን የሚያውቁት ሰዎች መስኮቴን ብቻ አዩ። ተስፋዬ ሳንድዊቹን እንደጎረሰ አየኝና ግማሹን ቆሻሻ ውስጥ ጥሎ ወጣ። ይጣል። እስከ ነገ ድረስ ማንም አፉን መክፈት አይችልም። ከነገ በኋላ ደግሞ የሚያስታውሰው የለም።

ስቀይር ስቀይር ጥቁር ቀሚስ አጣሁ። ሁሉም ጠቦኛል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 31

መኪኖቻችንን ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ፓርክ አድርገን በእግር ሄድን። ገና ጎህ እየቀደደ። ሼኹና የመስጂዱ ሰዎች ከፊት፣ ጋሽ ግርማ ከእነሱ ጋር፣ ሴቶች ከኋላ። ከሲያትል የመጣው ወንድሙ ራሱን አቀርቅሮ መሃል ላይ። ውሻ እንኳን አልጮኸብንም። የሮውሌት ፈረንጆች በመጋረጃቸው አይተው ከሆነ ምን እንዳሉን እንጃ።

ሼኹ አንኳኩ። ሰይድ በቁምጣና በካናቴራ ከፈተ። ያን ሁሉ ሰው በር ላይ ሲያይ ማንም ምንም ማለት አላስፈለገውም። አልጮኸም። ሼኹን አላየም፣ ወንድሙንም አላየም። ሰዉን በዓይኑ እየገፈተረ ፈለገና እኔን አገኘኝ። አየኝ። እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ዓይኔን ልሰብር ፈልጌ አልታዘዝ አለኝ።

ከዚያ "የትኛቸው ናቸው?" አለ።

አባትህ አሉት። ወንድሙ ላይ ወደቀ።

ቀኑ ረጅም ነበር። ወጥ ቤት ገባሁ፣ ሰሃን አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ሲመሽ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ፍለጋ በር ሲያንኳኩ ሐዘንተኛው ሁሉ እየደነገጠ ይነሳል። ሃሎዊን መሆኑን ማን አሰበው። አንዲት ሴትዮ ለሐዘን የመጣውን ቴምር እያፈሰች ሰጠቻቸው። ግራጫው ኮት ሳሎን ወንበር ላይ አለ። ቀይሮታል፤ አዲሱ አንገቱ ቆንጆ ነው።

ሰይድ አስጠራኝ። ወንዶቹ የተቀመጡበት ፍራሽ ጋ። በቃ፣ መጣብኝ አልኩ። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው፣ ይገባኛልም። ልሰደብ ተዘጋጅቼ ቆምኩ። በሰው ፊት አመሰገነኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ አልተኛሁም ነበር፣ ልቤ ነግሮኝ ነበር አለ። ሐሙስ ይቺ እህቴ ሰደበችኝ፣ ስትሰድበኝ ልቤ አረፈ አለ። ሁለት ሌሊት አባቴ በሕይወት እንዳለ ሆኜ ተኛሁ፣ ሁለት ሌሊት ጨመረችልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ አለ። ሰዉ አሜን አለ። የማላውቃቸው እናቶች እጄን ሳሙ። ተስፋዬ ወጥቶ ሄደ። ጋሽ ግርማ መዳፋቸውን እያዩ ቀና አላሉም።

ሻይ ላምጣ ብዬ ተመለስኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ማልቀስ ሞክሬ ነበር፤ አልመጣልኝም። ሚዳቋ ነገ ከደካማ ቡድን ጋር እንደሚጫወት ነው ትዝ ያለኝ።

እሑድ፣ ኖቬ. 1። ከቀትር በፊት።

ጋሽ ግርማ ደወሉ። ድረ ገጹ ሁሉንም ያሳያል፤ ማን መቼ ምን እንደላከ። ሰኞ የላክሁትን አይተዋል፣ ማክሰኞ እሳቸው ከደወሉልኝ በኋላ የላክሁትን ጎርፍም አይተዋል። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ ብዬ ነበር የነገርኩሽ" አሉ።

ቀጥለው፣ ማጽደቅም መሰረዝም በእጄ ነው፣ ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ አሉ። ከተሰረዘ ሚዳቋ ወደ ሰይድ ይመለሳል። ለምን እንደተመለሰ ግን ሄደሽ ራስሽ ትነግሪዋለሽ፣ እኔ ለሰው ውሸት አልሸከምም አሉ።

አሰብኩ። የእውነት አሰብኩ ደብተሬ። ሰይድ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩ ጮሆ፣ ሚዳቋ ተመልሶልሃል ሲለው። በነፃ። ከእኔ። መጀመሪያ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እናቱ ደሴ አሉ፣ አንድ የቀሩት እሳቸው ናቸው። ከአሁን ወዲያ እኔ ለሰይድ ደግ በሆንኩ ቁጥር ሰይድ እናቱን ነው የሚቀብረው። ልነግረው ከሄድኩ ደግሞ እነዚያን ሁለት ሌሊቶች መልሼ ልወስድበት ነው።

ሰበብ ነው። አውቃለሁ ሰበብ እንደሆነ። እውነትም ነው። እውነት የሆነ ሰበብ ሳገኝ ደስ አለኝ፣ ይህንንም አልደብቅህም።

አጽድቁት ጋሼ አልኳቸው።

ጸደቀ። ደህና ሁኚ ሳይሉኝ ዘጉት።

ሲመሽ።

ሚዳቋ ሁለት ጊዜ አገባ። ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ተነስቼ ጮህኩ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

አሁን ከሰይድ መልእክት መጣ። እንዳለ ልገልብጥልህ፦ "ጸደቀ አሉኝ። እናቴ ደህና ናት ማለት ነው።"

ደጋግሜ አነበብኩት። ቀልድ ነው? ሁሉን አውቆ ነው? በሩ ላይ ሲያየኝ ገብቶታል፣ ፍራሹ ላይ ያመሰገነኝም ገብቶት ነው? ወይስ የምሩን ነው፣ የምሩን ከእኔ ክፋት እየሰማ ነው የሚጽናናው? መጠየቅ አልችልም። ከጠየቅሁት ደግ ሆንኩ ማለት ነው።

ማክሰኞ ደሴ ይሄዳል። ሲመለስ ሁሉም እንደገና ይለሰልስለታል፣ ምሳ፣ ቫን ማጠብ፣ ትከሻ ማቀፍ። እኔ ከሁሉ የከፋውን መስመር እሰጠዋለሁ፤ ሌሊቱን፣ ፎርት ወርዝን፣ ሻንጣ የሚያበዙትን። ፀደይ ሲከፈት የማይረባ ልውውጥ እልክለታለሁ፣ ጉልበቱ የተሰበረ ሰው፣ ገለባ ፒክ። እምቢ ካለ እሰድበዋለሁ። እሺ ካለ እወስድበታለሁ። በየሳምንቱ። እናቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ።